ዘጠኝ ቁጥሯን ማን ሰረጎዳት?

ቅዳሜ ጠዋት የበዛብህን ጋራዥ የከፈተው በዛብህ ራሱ ሳይሆን ግሌን ነበር። ግሌን የአሮጌ የውድድር መኪኖች ወዳጆች ማኅበር ሊቀመንበር ስለሆነ ትርፍ ቁልፍ ይይዛል። የዚያን ዕለት ማንንም ሳይጠይቅ፣ ለማኅበሩ ፎቶ ላንሳ ብሎ ጋራዡ ያለበት ዋይት ሴንተር የሚባል ሰፈር ድረስ መጣ። መብራቱን አበራ። ቢጫዋ ኩፔ መኪና እንደ ወትሮዋ መሀል ላይ ቆማለች። ጠጋ ብሎ አያት፤ ከዚያ ካሜራውን መሬት ላይ አስቀምጦ ለፖሊስ ደወለ።

መርማሪ ኖላዊት ስትደርስ የጋራዡ ቆርቆሮ ላይ ካፊያ ይንሾካሾካል። ኖላዊት ቢከን ሂል የሚባል ሰፈር ያደገች፣ በካውንቲው ፖሊስ የንብረት ወንጀል የምትመረምር ሴት ናት። የተሰበረ መስታወትና የተሰረቀ ጎማ ስታይ ነው የምትውለው። እንዲህ ያለ ነገር ግን ገጥሟት አያውቅም።

መኪናዋ በፈረንጆቹ ሠላሳዎቹ የተሠራች ባለሁለት በር ናት፤ ጣሪያዋ እንደ እንቁላል የከበበ፣ አፍንጫዋ የረዘመ። ለውድድር ሲባል መስታወቶቿ ወልቀዋል፤ በሮቿም ተበይደው ስለተደፈኑ ነጂው የሚገባው በመስኮት ነበር። በጎኗ ትልቅ ጥቁር ዘጠኝ ተጽፎባታል። የዛሬ ስድሳ ዓመት ገደማ፣ ከከተማው በስተደቡብ በነበረ የአፈር መሮጫ ላይ፣ ኦርቪል የሚባል ሰው ይነዳት ነበር። መሮጫው ዛሬ የመጋዘን መንደር ሆኗል። ማኅበሩ መኪናዋን ከአንድ ጎተራ ውስጥ ዝገት ሲበላት አገኛት፤ በዛብህም ዓመት ሙሉ ደክሞባት እንደ አዲስ አደረጋት።

አሁን ግን ያ እንደ ሐይቅ የተኛው ቢጫ ላሜራ በየቦታው ሰርጉዷል። ከፊት ጎማው በላይ ያለው የግራው ፓራፋንጎ ገብቷል። ከበሩ ኋላ አንድ ጥልቅ ስርጉድ አለ፤ ኮፈኑ ላይ ሌላ። የግራው በር ብየዳም ከላይ እስከ ታች ተቆርጧል።

ኖላዊት ጓንቷን አድርጋ በመኪናዋ ዙሪያ በዝግታ ሄደች። ቀለሙ አልተሰነጠቀም። መዶሻ ያረፈበት ቀለም ይፈረፈራል፤ ይሄኛው ከላሜራው ጋር አብሮ ታጥፎ ገብቷል። ወለሉ ተጠርጓል። መኪናዋ ከተመታች በኋላ በሰም ተወልውላለች። የተቆረጠው በር ጠርዝ ደግሞ በለስላሳ ጥቁር ጎማ ተሸፍኗል። በንዴት የሚያጠፋ ሰው አጥፍቶ ይሸሻል እንጂ ቆሞ አይወለውልም።

በዛብህ ከመታጠቢያው አጠገብ እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል። ስድሳን ያለፈ፣ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ባትላሜራ የነበረ ሰው ነው፤ ሥራው የገባ ላሜራን ቀጥቅጦ ማውጣት ነው።

«ጋሼ በዛብህ፣ ማን ሊያደርገው ይችላል ይላሉ?» ስትል ጠየቀችው።

«ላሜራ ገብቶ ማየት ያመኛል፣ ልጄ» አላት። እሷም ሐዘን መስሏት አላስጨነቀችውም።

ግሌን ግን ፊቱ ቀልቶ ሲናገር ነበር። የጋራዡ በር ስላልተሰበረ፣ ያጠፋው ቁልፍ ያለው ሰው ስለሆነ፣ ኢንሹራንሱ አይከፍልም፤ በውሉ መሠረት ኃላፊነቱ የጋራዡ ነው። ካስፈለገ ማኅበሩ ጋራዡን ይወርሳል፤ ያጠፋው ሰው ደግሞ ይታሰራል። በዛብህ ከዚያ ጋራዥ ሌላ የለውም። ይህን ግሌንም ያውቃል፤ ኖላዊትም ገባት።

ቁልፍ ያላቸው ሦስት ናቸው፦ በዛብህ፣ ግሌን፣ እና ባለፈው ወር ከበዛብህ ጋር ተጣልቶ የወጣ ከማል የሚባል ሠራተኛ።

ቢጫውን የፖሊስ ጥብጣብ በመኪናዋ ዙሪያ ስትስብ በዛብህ ስንት ቀን እንደሚቆይ ጠየቃት። ምርመራው እስኪያልቅ አለችው። አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው ከጥብጣቡ ወዲያ ያለችውን መኪና ሲያይ ቆየ።

*

የማኅበሩ አባላት ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዡ ውስጥ ታጣፊ ወንበር ዘርግተው መሰብሰብ ልማዳቸው ነው። ያን ቀን ጋራዡ ስለተዘጋ፣ ጎን ባለው የቬትናሞች ዳቦ ቤት መከለያ ሥር ተቀመጡ። ሁሉም ሰባን ያለፉ ናቸው። ኖላዊት አንድ በአንድ እየጠራች አርብ ማታ የት እንደነበሩ ጠየቀች። እነሱ ግን ስለ አርብ ተጠይቀው በፈረንጆቹ ስድሳዎቹ ስለነበረ ቅዳሜ ይመልሳሉ።

አንደኛው አቧራው እንዴት እንደ ዱቄት በመብራቱ ውስጥ ይንሳፈፍ እንደነበረ ነገራት። ሌላው፣ ሞተሮቹ ሲነሡ ድምፃቸው ከሸለቆው ማዶ ተመልሶ ስለሚመጣ፣ እዚያም ሌላ ውድድር ያለ እየመሰለው ሌሊቱን በሕልሙ ወደዚያኛው ይሄድ ነበር። የኦርቪልን የራስ ቁር ቀለም ሦስት ሰው በሦስት ዓይነት ነገራት፤ ሦስቱም በእግዚአብሔር ስም ማሉ። ኖላዊት አላቋረጠቻቸውም። ሲናገሩ ዐይናቸው ከመንገዱ ማዶ ካለው የልብስ ማጠቢያ ቤት አልፎ የሆነ ቦታ ይሄድ ነበር፤ እሷም ሳይታወቃት አብራቸው እዚያ ደርሳ ትመለሳለች።

ከአባላቱ ሁሉ ይበልጥ የምትጠረጠረው ጉድረን ነበረች። ኖርዌጂያዊ አባቷ የመሮጫው ትኬት ቆራጭ ነበር። መኪናዋ እንደ አዲስ ትሁን ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ ብቻዋን ተቃውማለች፤ የተጠናቀቀች ቀን ደግሞ «ቀለም የተቀባ ሬሳ» ብላ ጥላ ወጥታለች። አርብ ማታ ግን ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን ጋር ነበረች፤ ሃያ ሰው ይመሰክራል። እጇንም ዘርግታ አሳየቻት። ጣቶቿ በቁርጥማት ተጣምመው ሻይ ማንኪያ እንኳ በመከራ ነው የሚይዙት።

«ያደረገውን ሰው ስታገኚው ንገሪኝ» አለች ጉድረን። «ልስመው እፈልጋለሁ።»

ኖላዊት ይህን የምትለው ለምን እንደሆነ ስትጠይቃት ጉድረን ስልኳን ከፍታ መኪናዋ ከጎተራ ስትወጣ የተነሣችውን ፎቶ አሳየቻት። ዝገትና ጭቃ። ከዝገቱ ሥር ግን የግራው ፓራፋንጎ ገብቷል፤ ከበሩ ኋላ አንድ ጥልቅ ስርጉድ አለ፤ ኮፈኑ ላይ ሌላ። ኖላዊት ጠዋት ያነሣችውን ፎቶ ከጎኑ አስቀመጠች። ስርጉዶቹ አንድ ናቸው። አጥፊው መኪናዋን አላበላሻትም፤ ድሮ እንደነበረች መልሷታል።

በሩስ? ብላ ጠየቀች። ብየዳው ድሮም ነበር፤ እሱን መቁረጥ ድሮን መመለስ አይደለም። በመስኮት መግባት የማይችል ማን አለ?

አዛውንቱ እርስ በርስ ተያይተው ሳቁ። ጉድረን ግሌንን በአገጯ ጠቆመች። «ባለፈው በመስኮት እገባለሁ ብሎ ሁለት ሰው በእግሩ ጎትቶ ነው ያወጣው። ሱሪው ግን እዚያው ቀረ።»

ግሌን አልሳቀም። ከማልን መቼ እንደምትይዘው ጠየቃት።

*

ከማልን ቢከን ሂል ላይ እናቱ ቤት ግቢ ውስጥ፣ አንድ ሚኒቫን ሥር ተኝቶ አገኘችው። ፖሊስ መሆኗን ሲያውቅ እጁን ጠርጎ ወጣ። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ በዲቪ ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሁለት ዓመቱን በዛብህ ጋ ሠርቷል። ቁልፉን አልካደም። ከመኪናው መክፈቻ ጋር ተንጠልጥሎ አሳያት፤ ሊመልስ ሲል ኩራት ያዘው።

አርብ ማታ የእህቱ ልጅ ኒካህ ነበር። ሬንተን ከተማ አዳራሽ ውስጥ ሲያስተናግድ አምሽቷል። ቪዲዮ አለ፤ ሲጨፍር ስለሚያሳይ ግን ባታየው ይመርጣል።

«ሶ፣ ለምን ተጣላችሁ?» አለችው።

በዛብህ አንዲት ፓራፋንጎ አምስት ጊዜ አስፈርሶ ስላሠራው ነው። ጣቱን አሳልፎ፣ ጠብታ ታህል ጎድጓዳ አገኘሁ ብሎ፣ ድገመው ይለዋል። በአምስተኛው መዶሻውን ጥሎለት ወጣ። «ጋሼ እኮ ስርጉድ አይወድም። መንገድ ላይ ጉድጓድ ሲያይ እንኳ ፓርክ አድርጎ ሊያወጣው ይፈልጋል።»

ኖላዊት የጠዋቱን ፎቶዎች አሳየችው። ከማል ከመኪናዋ ጎን የተነሣውን በጣቱ አስፍቶ አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ጨዋታ ጠፋ።

ላሜራውን ቀስ ብሎ አሙቆ፣ ከሥሩ የአሸዋ ከረጢት አስይዞ፣ በእንጨት መዶሻ እየዳበሰ ካልሆነ ቀለሙ እንዲህ አይቀመጥም አላት። የአንድ ማታ ሥራም አይደለም፤ ሳምንት ሙሉ ሳይፈጅ አይቀርም።

«አንተ ትችላለህ?»

«ይሄን ብችል ከጋሼ ጋር እጣላ ነበር?» አለ ከማል። ቁልፉንም ፈትቶ ሰጣት፤ ለበዛብህ እንድትመልስለትና ሰላም እንድትለው ለመናት።

*

በማግስቱ ቀን ኖላዊት ወደ ሬንተን ወረደች። የምትጠይቀው የቀራት መኪናዋን የነዳው ሰው ብቻ ነበር። ኦርቪል ዘጠና አንድ ዓመቱ ነው፤ ዐይኑ ጠፍቷል፤ ሐሳቡም ይመጣል ይሄዳል። የሚኖረው እጅጋየሁ የምትባል ነርስ ቤቷ ውስጥ ከምትጦራቸው አራት አረጋውያን ጋር ነው። መስኮቱ አጠገብ ወንበር ሰጥታዋለች፤ በአቅራቢያው ካለው የአውሮፕላን ፋብሪካ አዲስ አውሮፕላን ሲነሣ አገጩን ከፍ አድርጎ ያዳምጣል።

«አባባ፣ እንግዳ መጥቷል» አለችው እጅጋየሁ። አባባ የሚለውን ቃል ስሙ አድርጎ ከተቀበለው ቆይቷል።

ኦርቪል መኪናውን አግኝታለት እንደሆነ ኖላዊትን ጠየቃት። እየፈለገች መሆኑን ነገረችው። እሱም ትዕግሥት እንዳለው ነግሯት፣ ወደሚሰማው ነገር ተመለሰ።

ወጥ ቤት ገብተው እጅጋየሁ የሆነውን አጫወተቻት። በዛብህ ሥራውን የጨረሰ ቀን ኦርቪልን ይዛው ሄዳ ነበር። ማኅበሩ አጨበጨበለት። እጁን ይዘው መኪናዋ ላይ አኖሩለት። ከአፍንጫዋ ጀምሮ እስከ ኋላዋ በመዳፉ ዳበሳት፤ ሄደ፤ ተመለሰ። ከዚያ በጨዋ ደንብ ፈገግ ብሎ «ቆንጆ መኪና ናት። የማን ናት?» አለ።

ሰዎቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። በዛብህ አልሳቀም።

«ከዚያ ቀን ወዲህ ምግብ ይቀንሳል» አለች እጅጋየሁ። «ጠዋት ጠዋት መኪናዬ ተገኘች ወይ እያለ ይጠይቀኛል። ሐኪሙም ብዙ ተስፋ አታድርጊ ብሎኛል።»

ኖላዊት ስትነሣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ እጇ ለስላሳ ነገር ነካ። የጠረጴዛው ማዕዘን፣ የመደርደሪያው ጠርዝ፣ የበሩ መቃን ሁሉ በጥቁር ጎማ ተሸፍኗል። እጅጋየሁ የምታይበትን አይታ፣ የኦርቪል ቆዳ እንደ ስስ ወረቀት መሆኑን፣ ጠርዝ ከነካው እንደሚቀደድ ነገረቻት።

«ማን ገጠመልሽ?»

«በዛብህ ነዋ። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ተርፎኛል ብሎ አመጣው። አባባን ሊጠይቅ ይመላለሳል።»

ኖላዊት የራሷ መኪና ውስጥ ገብታ ሞተሩን ሳታስነሣ ቆየች። ዝናቡ መስታወቱ ላይ እየወረደ ፋብሪካውን፣ ከጎኑ ያለውን ሐይቅና የአውሮፕላኖቹን ነጫጭ ክንፎች አንድ ላይ ያቀልጣቸው ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ከበዛብህ የሰማችው መልስ ትዝ አላት፤ ላሜራ ገብቶ ማየት ያመኛል። ሰውየው አልዋሸም። ያመመውንም ነው የነገራት።

*

ስትመለስ በዛብህን ጋራዡ ውስጥ ካፖርቱን ለብሶ፣ የጋራዡን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ አድርጎ አገኘችው።

«ወደ አንቺ ልመጣ ነበር» አላት። «ከማልን ጠየቀችው አሉኝ። ያ ልጅ በኔ ሥራ ስሙ መነሣት የለበትም።»

ኖላዊት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ለምን ማኅበሩን እንዳላስፈቀደ ጠየቀችው። ድምፅ ሰጥተው እንደ አዲስ ትሁን ብለዋል፤ ቢጠይቅ እንቢ ይላሉ፤ እንቢ ካሉት ደግሞ ማድረግ አይችልም። ስለዚህ አልጠየቀም። ቅዳሜ ከሰዓት ኦርቪልን ሊያመጣ፣ ከዚያ ራሱ ሊናገር አስቦ ነበር። ግሌን ቀደመው። ጥብጣቡ ከታሰረ በኋላ ቢናገር መኪናዋ አጠገብ አያስደርሱትም፤ ባይናገር ሽማግሌው ጊዜ የለውም። ሁለት ቀን በነዚህ መሀል ቆመ።

«ስርጉዶቹን እንዴት አስታወሷቸው?»

«ያወጣኋቸው እኔ ነኝ እኮ። አንድ በአንድ።» እጁን አገላብጦ አየው። «ሰው መኪናውን ሲያመጣልኝ የሆነበትን ነገር አጥፋልኝ ነው የሚለኝ። እኔም ስኖር ያንን ሳጠፋ ነው የኖርኩት፤ ጽድቅ ይመስለኝ ነበር። ያ ሰውዬ ግን በእጁ የሚፈልገው እሱኑ ነበር። ዕድሜ ልኩን ያየውን እኔ በመዶሻ ጠርጌበት፣ ቆንጆ መኪና ናት አለኝ።»

ኖላዊት ሪፖርቱን እንደሆነው አድርጋ መጻፍ እንዳለባት ነገረችው። መኪናዋ የማኅበሩ ናት፤ ክሱም የሚቆመው ወይም የሚወድቀው ማኅበሩ ንብረቴን አጥፍቶብኛል ሲል ወይም ሳይል ነው።

«ጻፊ» አለ በዛብህ። «እሱ ብቻ ይንካት። ከዚያ ጋራዡንም ይውሰዱት።»

እሷም ለግሌን ኮል አደረገችና ሁሉንም ነገረችው። ግሌንም አባላቱ ውሳኔውን ለሱ እንደሚተዉ፣ እሱ ደግሞ ቃሉን እንዳልለወጠ ነገራት። ኖላዊት አልተከራከረችውም። የተጎዳው ንብረት የትኛው መኪና እንደሆነ በእርግጥ የሚለይላት ምስክር እንደሚያስፈልጋት፣ ለዚህም አባላቱ በተገኙበት ኦርቪል እንደሚመጣ ብቻ ነገረችው።

*

ረቡዕ ዕለት ፀሐይ ወጣች። እጅጋየሁ የጋራዡ በር ላይ መኪናዋን አቁማ ኦርቪልን በተሽከርካሪ ወንበር አስገባችው። ኖላዊት ጥብጣቡን ፈታች። ግሌን ከአባላቱ ተለይቶ እጁን አጣምሮ ግድግዳው ጋ ቆመ። በዛብህ ከሁሉም ኋላ ነበር።

የግራው በር ተከፈተ። እጅጋየሁና ኖላዊት በብብቱ ይዘው አስገቡት፤ ክንዱ በጎማው ጠርዝ ላይ ተንሸራቶ ሳይቧጠጥ ገባ። በሩ ሲዘጋለት ኦርቪል መሪውን ይዞ ጥቂት ተነፈሰ። ከዚያ ግራ እጁን በመስኮት አውጥቶ፣ ከውጭ ላሜራውን መፈለግ ጀመረ። ከበሩ ኋላ ያለው ስርጉድ ውስጥ መዳፉ ገባ፤ እዚያ ቆመ።

«አገኛችኋት» አለ።

ኦርቪል ወሬውን ቀጠለ። ድምፁ ከእንቅልፍ የነቃ ሰው ድምፅ ነበር። ይሄ ላሟ ናት አለ። ሦስተኛው ዙር ላይ ከጎረቤት እርሻ አጥር ጥሳ የገባች ጥቁር ላም፤ እሷ ምንም አልሆነችም። ግሌን ያንን ስርጉድ ከግንብ ጋር የተጋጨ ጊዜ ነው እያለ ስንት ዓመት ተርኮታል። ጉድረን አፏን በእጇ ሸፈነች። ሽማግሌው ወደፊት ተንጠራርቶ ወደ ፓራፋንጎው ሲዘልቅ፣ አዛውንቱ ሳይጠሩ ቀረቡ፤ እንደ ሕፃናት ተጠጋግተው ቆሙ። መሮጫው የነበረበት ቦታ ያለው መጋዘን፣ መኪና የሚያልፍበት መንገድ፣ ውጭ ያለው ቀን ሁሉ የራቀ መሰለ።

ኦርቪል እጁን ወደ ላይ መለሰና የጣሪያውን ጠርዝ ዳበሰ። ቆመ። እንደገና ዳበሰ። ጣቱ አንዲት ትንሽ ጎድጓዳ ውስጥ ነበር። ኖላዊት ከዚያ በፊት አላየቻትም። ጉድረን ስልኳን አውጥታ የጎተራውን ፎቶ አየች፤ እዚያም የለችም።

«ይሄኛው የኔ አይደለም» አለ ኦርቪል።

በዛብህ ከኋላ ወጥቶ ወደ መስኮቱ መጣ።

«የኔ ነው» አለው። «እጄ ስቶ ነው።»

ኦርቪል ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረ። «አንተም ነድተሃታል?»

«ትንሽ።»

«አሸነፍክ?»

በዛብህ ዐይኑን አንሥቶ ግሌንን አየው፤ ሌሎቹም ወደ ግሌን ዞሩ። ግሌን ለቅጽበት ከግድግዳው አልተነቃነቀም። ከዚያ የተጣመረ እጁን ፈታ፤ በአዛውንቱ መሀል አልፎ መኪናዋ ጋ ደረሰ፤ ጣቱንም የጣሪያው ጠርዝ ላይ፣ ትንሿ ጎድጓዳ ውስጥ፣ ከኦርቪል ጣት አጠገብ አኖረ። ጎንበስ ብሎ ወደ ሽማግሌው ጆሮ ተጠጋ።

«አሸንፏል» አለው።